ወርቁ ጊዛ ነው፤ ሰዎቹ ግን ፉስጣጥ ናቸው

ጥያቄ፦ «ወደ ኢየሩሳሌም ስንሄድ ካይሮ ሁለት ቀን እናርፋለን። ከ68 ዓመት እናቴና ከ10 ዓመት ልጄ ጋር ነኝ። ልጄ የፈርዖኖቹን ሙሚ (የደረቀ አስከሬን) ካላየሁ ብሎ ይዞኛል። የትኛው ሙዚየም ነው ያሉት? ልጅ ያስፈራል ወይ? እናቴ ደግሞ ‹ሙሴን ያሳደደው ፈርዖን እዚያ አለ ይባላል፤ እውነት ነው? የሞተ ሰው ቆሞ ማየትስ ነውር አይደለም? ጫማስ ይወለቃል?› ትላለች። የሚያውቅ ቢመልስልን።»

ምላሽ፦

ከቦታው ልጀምር፤ መንገደኛ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና። ካይሮ ውስጥ «ሙዚየሙ» ሲባል ሦስት ቤት ይምታታል። አንዱ ታህሪር አደባባይ ላይ እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች በዚሁ ናቸው) ከ1902 ጀምሮ ያለው ቀይ ሕንፃ ነው። ሁለተኛው ጊዛ፣ ከፒራሚዶቹ አጠገብ የተሠራውና በኖቬምበር 2025 በይፋ የተመረቀው ታላቁ የግብፅ ሙዚየም ነው። ሦስተኛው ፉስጣጥ፣ ዓይን አል-ሲራ ከሚባለው ሐይቅ ዳር ያለው የግብፅ ሥልጣኔ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ልጅዎ የሚፈልጋቸው በዚህ በሦስተኛው ናቸው። የንጉሥ ቱታንካሙን የወርቅ ጭንብልና ዕቃው ጊዛ ነው። ቱታንካሙን ራሱ ግን ከሦስቱም ቤት የለም፤ አስከሬኑ ዛሬም ሉክሶር፣ በነገሥታት ሸለቆ፣ በተቀበረበት መቃብር ውስጥ ነው። ይህን ለልጅዎ ከወዲሁ ይንገሩት፤ «ቱትስ የታለ?» እያለ አዳራሹን ዞሮ ዞሮ ያለቀሰ ልጅ አይቻለሁ።

ለታክሲ ሹፌሩ «ማትሐፍ ኤል-ሐዳራ» ይበሉት፤ የሥልጣኔ ሙዚየም ማለት ነው። «ማትሐፍ» ብቻ ካሉት ታህሪር ወስዶ ያወርድዎታል። ደርሶብኝ ነው የምለው። በቅርስ እንክብካቤ ሙያ ስንት ዓመት የቆየሁ ሰው፣ እንግዶች ይዤ፣ ስልክ እያወራሁ «ማትሐፍ» ብዬ ተቀመጥኩ። ስንወርድ ቀዩ ሕንፃ ፊት ለፊታችን ቆሟል። የካይሮን የመኪና ግፊያ አልፈን ፉስጣጥ ስንደርስ ለእንግዶቼ የተረፋቸው ጊዜ 40 ደቂቃ ብቻ ነበር፤ እስካሁን ያነሡብኛል።

ሹፌሩም ቢሆን አይፈረድበትም፤ እስከ 2021 ድረስ ሙሚዎቹ የነበሩት ታህሪር ነው። በዚያ ዓመት ኤፕሪል 3 ቀን ማታ 22 አስከሬኖች፣ ማለትም 18 ነገሥታትና 4 ንግሥቶች፣ የጥንት ጀልባ በሚመስሉ በወርቅማ ቀለም በተጌጡ መኪናዎች ተጭነው በከተማው መሀል አለፉ። ንዝረት እንዳይነካቸው መንገዱ አስቀድሞ ተጠግኖ ነበር፤ እያንዳንዳቸውም ናይትሮጅን በተሞላ ሳጥን ውስጥ ነበሩ። ፉስጣጥ ሲደርሱ 21 ጊዜ መድፍ ተተኮሰ፤ ፕሬዚዳንቱም በር ላይ ቆመው ተቀበሏቸው። ሰልፉ በዘመን ቅደም ተከተል ነበር፤ ሰቀነንሬ ታኦ ከፊት፣ ራምሴስ 9ኛ ከኋላ። ከሰልፉ በፊት በነበሩት ቀናት ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ ስዊዝ ካናልን ዘግታ፣ ሶሃግ ላይ ደግሞ ባቡሮች ተጋጭተው ስለነበር «ፈርዖኖቹ ተቆጥተው ነው» የሚል ወሬ ፌስቡኩን ሞልቶት ነበር። ልጅዎ መቃብራቸውን የነካ ይሞታል ስለሚባለው እርግማን ከጠየቀዎት አጭር መልስ ይኸው፦ የቱታንካሙንን ቁፋሮ በገንዘብ የደገፈው ሎርድ ካርናርቮን በ1923 የሞተው በተመረዘ የትንኝ ንክሻ ነው፤ መቃብሩን ያገኘውና ዓመታት ሙሉ ውስጡ የሠራው ሃዋርድ ካርተር ግን እስከ 1939 ኖሯል።

ወደ ሙሚዎቹ አዳራሽ የሚገባው ቁልቁል ተወርዶ ነው። ግድግዳው ጥቁር፣ መብራቱ ደብዛዛ ነው፤ የነገሥታት ሸለቆ መቃብር ውስጥ የገቡ እንዲመስልዎ ተብሎ የተሠራ ነው። እናትዎ ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ መግቢያው ላይ ጥቂት ይቁሙ፤ ክንዳቸውን ይያዙላቸው። ለሕዝብ የሚታዩት 20 ናቸው። እያንዳንዱ በራሱ የመስታወት ሳጥን ተኝቷል፤ ሰውነቱ በበፍታ ተሸፍኖ ፊቱ፣ የአንዳንዱም እጅና እግሩ ይታያል። አጠገቡ ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደነገሠ፣ ሲቲ ስካኑ ምን እንዳሳየ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ፎቶ ክልክል ነው፤ ድምፅ ከፍ አድርጎ ማውራትም እንዲሁ። ስለዚህ ለልጅዎ የሚነግሩትን ነገር ሁሉ ሳትገቡ ይንገሩት።

ብዙ ሰው የሚደናገጠው እዚህ ላይ ነው። ወርቅ ጠብቆ ይመጣና ሰው ያገኛል። አክሊል የለም፣ በትረ መንግሥት የለም፣ ጭንብል የለም። አንድ ዘመዴ «ይሄ ሁሉ ንጉሥ ምነው እንዲህ ባዶ ቀረ?» ብሎኛል። የጉብኝቱ ቁልፍ ጥያቄ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

እነዚህ ነገሥታት ሲቀበሩ ባዶ አልነበሩም። ነገር ግን «አዲሱ መንግሥት» የሚባለው፣ አብዛኞቹ የነገሡበት ዘመን ሲያበቃ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1070 አካባቢ፣ አገሩ ተዳክሞ፣ እህል ተወድዶ፣ የመቃብር ዘረፋ ተስፋፍቶ ነበር። ሌቦቹ ወርቅ ፍለጋ አስከሬኑ የተጠቀለለበትን ጨርቅ በመጥረቢያ ይበጥሱት ነበር፤ አንገት ተሰበረ፣ እጅ ተቆረጠ። አሞን የሚባለው የግብፆች አምላክ ካህናት የተበታተነውን አስከሬን ሰበሰቡ፣ በአዲስ በፍታ ጠቀለሉት፣ በተገኘው የእንጨት ሣጥን ከተቱት፤ ማን እንደሆነና መቼ ከየት ወዴት እንደተዛወረም በቀለም ጻፉበት። ዛሬ ስማቸውን የምናውቀው በአብዛኛው ከዚህ ጽሑፍ ነው። ካህናቱ ግን ንጹሕ ጠባቂዎች ብቻ አልነበሩም፤ ከሣጥኖቹ ላይ የወርቁን ልባጥ ፍቀው ለግምጃ ቤት ያስገቡት እነሱም ናቸው። የታላቁ ራምሴስ አስከሬን የተገኘው ለሌላ ሰው በተሠራ፣ ጌጡ በተገፈፈ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ክዳኑ ላይ ደግሞ ሬሳው ከቦታ ቦታ የተንከራተተበት ታሪክ በካህናቱ እጅ ሰፍሯል።

በመጨረሻም ከሉክሶር ማዶ፣ ደይር ኤል-ባሕሪ አጠገብ ካለ ገደል ሥር፣ ከጠባብ የጉድጓድ አፍ በታች አኖሯቸው። 2,800 ዓመት ያህል ቆዩ። በ1870ዎቹ መጀመሪያ የጉርና መንደር ሰዎች የሆኑት አብደል ረሱል ወንድማማቾች አገኙት፤ የጠፋች ፍየል ስንፈልግ ነው ብለዋል። አሥር ዓመት ያህል ዝም ብለው ትንሽ ትንሹን እያወጡ ሸጡ። ኋላ ወንድማማቾቹ ተጣሉ፤ አንዱ ለመንግሥት ተናገረ። ጁላይ 1881 ኤሚል ብሩግሽ የተባለው የቅርስ መሥሪያ ቤቱ ሰው በገመድ ወረደ። ሻማ ይዞ የሣጥኖቹን ስም ሲያነብ፣ በትምህርት ቤት የተማራቸው ነገሥታት በሙሉ ተደርድረው አገኛቸው። እንዳይዘረፍ ፈርቶ በሁለት ቀን ሁሉንም አወጣ፤ በእንፋሎት መርከብ ጭኖም ወደ ካይሮ ላከ። መርከቧ ስታልፍ በዓባይ ዳር የነበሩ ሴቶች ፀጉራቸውን እየነጩ ሙሾ አወረዱ፣ ወንዶቹ ጠመንጃ ተኮሱ፤ ልክ ለጎረቤት ቀብር እንደሚደረገው። ካይሮ በር ላይ ደግሞ ቀረጥ ሰብሳቢው በመዝገቡ ውስጥ «ሙሚ» የሚል ቢያጣ «ደረቅ ዓሣ» ብሎ አስከፈለ ይባላል። ይህቺ ወሬ እውነት ትሁን ተረት፣ ለልጅዎ ከነገሩት አይረሳትም። በ1898 ቪክቶር ሎሬ ሌላ መደበቂያ አገኘ፤ በአመንሆቴፕ 2ኛ መቃብር ውስጥ። አዳራሹ ውስጥ ካሉት አብዛኞቹ ከእነዚህ ከሁለቱ ቦታዎች የወጡ ናቸው።

አሁን ስለ ሰዎቹ። ሃያውንም እኩል ለማየት አይሞክሩ፤ ሰባተኛው ላይ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። አምስት ይምረጡ፤ በአምስቱ ፊት በደንብ ቁሙ። የእኔ ምርጫ እነሆ።

በዘመን ቅደም ተከተል ቀዳሚው ሰቀነንሬ ታኦ ነው፤ ለልጅ ከባዱም እሱ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550ዎቹ አካባቢ፣ ሰሜኑን ከያዙት ሂክሶሶች ጋር ሲዋጋ የሞተ ንጉሥ ነው። ግንባሩ ላይ የመጥረቢያ ቁስል ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጉንጩና አፍንጫው ተሰባብሯል፣ አፉም ተጣሟል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው የዛሂ ሃዋስና የሳሃር ሳሊም የሲቲ ስካን ጥናት እጆቹ ታስረው ከብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንደተመታ ይላል። ቀድሞ አስከሬኑ ጦር ሜዳ አካባቢ በጥድፊያ የተሠራ ነው ይባል ነበር፤ ያው ጥናት ግን የራሱ ቁስሎች በመድኃኒት ተደፍነው ስለተገኙ በደንበኛ ቦታ እንደተሠራ ይላል። ለልጅዎ «መጀመሪያ የምናየው በጦርነት የቆሰለ ሰው ነው» ይበሉት። ልጆችን የሚያስፈራቸው ያልተነገራቸው ነገር ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ተነግሮት ሲገባ ከእኛ ይልቅ ይበረታል። ስድስት ዓመት ቢሆን ኖሮ ግን ይቅርበት እል ነበር።

ሁለተኛ ሃትሼፕሱት። እንደ ወንድ ጢም አጥልቃ የነገሠችው ሴት። አስከሬኗ ያለ ስም በአንድ ትንሽ መቃብር ወለል ላይ ተጥሎ ከ1903 ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ ማን መሆኗ ግን አይታወቅም ነበር። በ2007 ስሟ በተጻፈበት ትንሽ የእንጨት ሣጥን ውስጥ አንድ መንጋጋ ጥርስ ተገኘ፤ በስካን ሲታይ ከዚህች ወፍራም ሴት አፍ ከጎደለው ጥርስ ጋር ይገጥማል ተባለ። ዛሬም ድረስ የሚከራከሩበት ባለሙያዎች አሉ፤ እኔም ጥርስ ብቻውን ምስክር ሲሆን ቅር ይለኛል። ለኛ ግን ይህቺ ሴት ባዕድ አይደለችም። ደይር ኤል-ባሕሪ በሠራችው ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ወደ ፑንት የላከቻቸው መርከቦች ተስለዋል፤ የከርቤ ዛፍ ከነሥሩ በቅርጫት ተሸክመው፣ ዕጣንና ዝንጀሮ ጭነው ሲመለሱ። ፑንት የት ነበር የሚለው ክርክር ረጅም ነው፤ ሆኖም ግብፃውያን ሙሚ ያደረጓቸውን ዝንጀሮዎች የመረመሩ በ2020 እና በ2023 የወጡ ጥናቶች እንስሳቱ የመጡት ከአፍሪካ ቀንድ አካባቢ መሆኑን ያመለክታሉ፤ ሁለተኛው በተለይ ወደ ኤርትራ ጠረፍ ይጠቁማል። እናትዎ ቤታቸው የሚያጤሱት ዕጣን ያን ጊዜም መርከብ ያስጭን ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛ ቱትሞስ 3ኛ። በመንገዴ ላይ ብቻ ልንካው። ሌቦቹ እጅና እግሩን ሰባብረውት ነበር፤ ካህናቱ እንደ ስብራት ጠጋኝ መቅዘፊያ እንጨቶችን ደግፈው ጠቀለሉት። «አጭር ነበር» የሚባለው ወሬም ከዚሁ የመጣ ነው፤ የለካው ሰው እግሩ መቆረጡን ሳያስተውል የተረፈውን ብቻ ለክቶ ነው። አስጎብኚ ይህን ከነገረዎት በሆድዎ ይሳቁ።

አራተኛ ታላቁ ራምሴስ፣ ሁለተኛው። 66 ዓመት ነግሦ፣ 90 ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1213 ሞተ። እዚህ ሣጥን ፊት ብዙ ይቆዩ። አፍንጫውን ይዩ፤ እንደ ንሥር የተቆለመመ ነው፤ አለመደፍጠጡ ያለ ምክንያት አይደለም። ፓሪስ ላይ በራጅ ሲታይ የአፍንጫው ቀዳዳ በቁንዶ በርበሬ ፍሬ ተሞልቶ ተገኘ፤ ጥቅልሉ ሲጠብቅ እንዳይተኛ ነው። ያን ጊዜ ቁንዶ በርበሬ የሚገኘው ከሕንድ ብቻ ነበር፤ ንግዱ ምን ያህል እንደራቀ ይገምቱ። ፀጉሩ ከጆሮው በላይ ወርቅማ ቀይ ሆኖ አለ፤ የእርጅና ሽበት በመድኃኒቱና በሂናው ቀለም ይዞ። እጆቹን ይዩ፤ ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው፣ ጥፍሮቹ እንዳሉ ናቸው። ፓሪስ የሄደው በ1976 ሻጋታ ስለያዘው ነው፤ እንደ አገር መሪ የክብር ዘብ ቆሞ ተቀበለው፤ በጋማ ጨረር ሻጋታውን ገድለው በ1977 መለሱት። ፎቶው ተለጥፎበት በኢንተርኔት የሚዘዋወረው «የራምሴስ ፓስፖርት» ግን በቅርብ ዓመታት በኮምፒውተር የተሠራ ሥዕል ነው፤ አያጋሩት። አባቱ ሴቲ 1ኛም እዚያው አለ፤ ከሁሉም ያማረ ፊት የእሱ ነው፤ ተኝቶ እንጂ ሞቶ አይመስልም። ሌቦቹ ግን ያን ራስ ከአንገቱ ነጥለውት ነበር።

አምስተኛ ራምሴስ 3ኛ። በቤተ መንግሥቱ ሴቶች ዘንድ ሤራ እንደተጠነሰሰበት የሚናገር የፍርድ ፓፒረስ ከጥንት ጀምሮ አለ፤ ቲዬ የምትባል ሚስቱ ልጇን ፔንታዌሬን ለማንገሥ። ሤራው ተሳክቶ ይሁን ከሽፎ ግን ግልጽ አልነበረም፤ አንገቱ በወፍራም ጨርቅ ስለተጠቀለለ ማንም አላየውም። በ2012 የታተመው የስካን ጥናት ጨርቁን ሳይፈታ ውስጡን አየ፦ ጉሮሮው እስከ አጥንቱ ድረስ ተቆርጧል፤ ቁስሉም 7 ሴንቲሜትር ይሰፋል። አንገቱ ሥር ደግሞ የሆረስ ዓይን ክታብ ተቀብሯል፤ ሬሳውን ያዘጋጁት ሰዎች በወዲያኛው ዓለም ቁስሉ ይሽርለት ብለው። እኔ ሃያ ጊዜ አይቼው ሁልጊዜ የሚይዘኝ ግድያው ሳይሆን ያ ክታብ ነው።

የእናትዎ ጥያቄ ላይ ደረስኩ። ሙሴን ያሳደደው ፈርዖን እዚያ አለ? መጽሐፍ ቅዱስ የፈርዖኑን ስም አይጠራም። እስራኤል የሠሯቸው ከተሞች ፊቶምና ራምሴ መሆናቸውን ስለሚናገር ብዙዎች ራምሴስ 2ኛን ያስባሉ። ሌሎች ደግሞ 13ኛ ልጁንና ወራሹን መርነፕታህን ያነሣሉ፤ እሱም አዳራሹ ውስጥ አለ። መርነፕታህን ከሌሎቹ የሚለየው፣ በ1896 የተገኘው የድል ሐውልቱ ከግብፅ ጽሑፎች ውስጥ «እስራኤል» የሚለውን ስም ከሚጠሩት ሁሉ ቀዳሚው መሆኑ ነው። ልብ ይበሉ፤ ሐውልቱ እስራኤልን የሚጠራው በከነዓን ምድር ያለ ሕዝብ አድርጎ ነው እንጂ ከግብፅ ስለ መውጣት አንድም ቃል የለውም። የመርነፕታህ ገላ ላይ ጨው ስለታየ «ባሕር የሰጠመው እሱ ነው» የሚሉ ቪዲዮዎች በአማርኛም በዓረብኛም በሽ በሽ ናቸው፤ ሙስሊም ጎብኚዎችም በሱረቱ ዩኑስ የፈርዖን በድን ምልክት እንዲሆን እንደሚተርፍ የተነገረውን እያሰቡ ወደሱ ሣጥን ይሄዳሉ። እምነታቸውን አልነካም። በሙያዬ ግን መናገር ያለብኝ አለ፦ ሙሚ የሚደርቀው በጨው ነው። በጨው የደረቀ ሥጋ ላይ ጨው መገኘቱ የባሕር ምስክር ሊሆን አይችልም። ለእናትዎ «ከሁለቱ አንዱ ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ፤ የተረጋገጠ ግን የለም» ይበሏቸው።

ስለ ጨው ከተነሣ፣ አደራረቁን ልጨምር። አንጎሉ በአፍንጫ በኩል በሜንጦ ይወጣል፤ ሳምባ፣ ጉበት፣ ጨጓራና አንጀት በግራ ጎን ተቀድዶ ይወጣል፤ ልብ ግን ይቀራል፣ የሚፈረድበት እሱ ነውና። ከዚያ ገላው ናትሮን በሚባል ጨው ይሸፈናል። 40 ቀን ያህል ውሃውን ይመጠዋል፤ መድኃኒቱና ጥቅለላው ተጨምሮ በጠቅላላው 70 ቀን። እናትዎ ይህን ቁጥር ያውቁታል። በኦሪት ዘፍጥረት መጨረሻ ዮሴፍ ባለ መድኃኒቶቹን አዝዞ አባቱን ያዕቆብን በሽቱ ሲያሳሽ የፈጀው 40 ቀን ነው፤ ግብፃውያን ያለቀሱለት ደግሞ 70 ቀን። ዮሴፍ ራሱም በሽቱ ታሽቶ በሣጥን ተቀምጧል። ናትሮኑ በብዛት የሚወጣው ከካይሮ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ዛሬ ወዲ ናጥሩን ከሚባለው በረሃ ነበር፤ ስሙም ከዚሁ ነው። እኛ ይህን ቦታ አስቄጥስ ብለን እናውቀዋለን፤ የአባ መቃርስ ገዳም። አባ መቃርስ አንድ ሌሊት መንገድ መሽቶባቸው የጥንት አረማውያን መቃብር ውስጥ ገብተው፣ አንዱን ደረቅ በድን ተንተርሰው እንዳደሩ፣ አጋንንት ሊያስፈራሯቸው ቢጮሁም ንቅንቅ እንዳላሉ በአበው ታሪክ ይተረካል። ሙሚ መሆን አለበት። ልጅዎ ያን ከሰማ ፍርሃት የሚባል ነገር ይረሳል። (ለማወቅ ያህል፣ ከኛው ከአብያታ ሐይቅ የሚወጣው ሶዳም የናትሮን የቅርብ ዘመድ ነው።)

ነውር ነው ወይ ለሚለው፣ ግብፃውያን ራሳቸው አልተስማሙበትም። ፕሬዚዳንት ሳዳት በ1980 «ነገሥታቶቻችን መታያ አይሆኑም» ብለው የታህሪሩን ክፍል አዘጉት፤ እንደገና የተከፈተው በ1994 ነው። እኔ መሀል ላይ ነኝ። የሚያሳፍረው ማየቱ ሳይሆን አስተያየቱ ይመስለኛል፤ በፊት ጊዜ ሰው እየሳቀ፣ ጣት እየቀሰረ ይገባ ነበር፤ የአሁኑ አዳራሽ ጨለማና ጸጥታው ያን ቀንሶታል። እናትዎ ላሊበላ ተሳልመው ከሆነ ይምርሐነ ክርስቶስንም አይተው ይሆናል። ከዋሻው በስተ ጀርባ የተከመሩትን፣ በዋሻው አየር በራሳቸው የደረቁትን የተሳላሚዎች አስከሬን ያስታውሷቸው ይሆናል። እዚያ ቆመው «ነፍስ ይማር» ካሉ፣ ፉስጣጥም ቢሉ ማንም አይከለክላቸውም። አንድ አገራቸው ጎንደር የሆነ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው በእያንዳንዱ ሣጥን ፊት ሲያማትቡ፣ ጠባቂው ወጣት ቀስ ብሎ ከመንገዳቸው ዞር ሲልላቸው አይቻለሁ።

የቀረው ጥቂት ነው። ጠዋት እንደተከፈተ ይግቡ፤ ከረፋዱ በኋላ የቱሪስት አውቶቡስ ይደራረባል። የባንክ ካርድ ይያዙ፤ በብዙዎቹ የግብፅ ቅርስ ቦታዎች ቲኬት በጥሬ ገንዘብ መግዛት ቀርቷል። መጀመሪያ ወደ ሙሚዎቹ ይውረዱ፣ ላይኛውን ሰፊ አዳራሽ ከዚያ በኋላ ይዩት፤ እናትዎ ሳይደክሙ ዋናውን ያያሉ። ስትወጡ ከሐይቁ ዳር አረፍ በሉ። ከሰዓት በኋላ በታክሲ ጥቂት ደቂቃ ሄዳችሁ ማር ጊርጊስ ውረዱ፤ የቅብጦቹ አሮጌ ሠፈር ነው። ሙዓለቃ የምትባለው ከመሬት ከፍ ብላ የተሠራች የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን፣ ከሷም አልፎ ቅዱሱ ቤተሰብ በስደቱ ያረፈበት ነው የሚባለው የአቡ ሰርጋ ምድር ቤት እዚያ ነው። እንዲያውም ለእናትዎ ከፈርዖኖቹ ይልቅ ለዚህኛው ጊዜ ይተዉላቸው።

ጫማው? ሙዚየሙ ውስጥ አይወለቅም። ቁልቁለቱ ግን ለስላሳ ስለሆነ የማያንሸራትት ያድርጉላቸው።